«አጌንስት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ መስተዋድድ አገባብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከእንግሊዝኛ መስተዋድዶች ስለ አንዱ፣ ይኸውም «አጌንስት» ስለሚባለው ቃል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ተማሪዎችም ገና በጀማሪነታቸው ዘመን ያገኙታል። መዝገበ ቃላት ገልጠው «በእርሱ ላይ» ወይም «በመቃወም» የሚል ትርጕም ካዩ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አላለቀም። ይህን ቃል በማሳሳት ወዳጅ የነበረው ጠላት፣ ደጋፊ የነበረውም ተቃዋሚ ሆኖ ሊጻፍ ይችላልና፣ ጉዳዩ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

አንድ የአገራችን ሰው በባዕድ አገር ፍርድ ቤት ተከሶ ቆሟል እንበል። ነገሩ የሚታየው በእንግሊዝኛ ነው፤ እርሱ ግን ቋንቋውን አያውቀውምና አስተርጓሚ ተሰጥቶታል። አንድ ምስክር ተነሥቶ ቃሉን ሰጥቶ ተቀመጠ። ተከሳሹም ወደ አስተርጓሚው ዘወር ብሎ «ምን አለ?» ሲል ጠየቀው። አስተርጓሚውም «ስለ አንተ ተናገረ» ብሎ መለሰለት። እንግዲህ ይህ ሰው ከዚህ መልስ ምን ሊረዳ ይችላል? ሊያውቅ የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ምስክሩ መሰከረለት ወይስ መሰከረበት? አስተርጓሚው «አጌንስት» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሳያስተውል ካለፈው፣ የተከሳሹ ነገር ሁሉ በዚያች በታለፈችው ቃል ውስጥ ተቀብሮ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ምሳሌ ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት የሚገኘው እዚሁ ላይ ነውና። በአማርኛ ረዳትነትንም ሆነ ተቃዋሚነትን የምንገልጸው አብዛኛውን ጊዜ በግሡ መጨረሻ በምናስገባት በአንዲት ፊደል ነው። «ፈረደለት» ብንል ዳኛው ለሰውየው ረታለት ማለት ነው፤ «ፈረደበት» ብንል ግን ተረታ ማለት ነው። «ተነሣለት» ብንል ሰውየው ሲገባ አክብሮ ከመቀመጫው ብድግ አለ ማለት ነው፤ «ተነሣበት» ብንል ግን ዐመፀበት ማለት ነው። በ«ለ» እና በ«በ» መካከል ያለው ርቀት፣ በወዳጅነትና በጠላትነት መካከል ያለውን ያህል ሰፊ ነው።

እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አያደርግም። ግሡን እንዳለ ይተወውና ልዩነቱን ከግሡ ውጭ በሚቆም በሌላ ቃል ያመለክታል። ለደጋፊነት «ፎር» ይላል፤ ለተቃዋሚነት «አጌንስት» ይላል። ስለዚህ «መሰከረለት» ለማለት «ሂ ቴስቲፋይድ ፎር ሂም»፣ «መሰከረበት» ለማለት ደግሞ «ሂ ቴስቲፋይድ አጌንስት ሂም» ይባላል። በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ግሡ ፈጽሞ አልተለወጠም። የተለወጠው መስተዋድዱ ብቻ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ይሁን፤ የ«አጌንስት»ን አማርኛ ለብቻው ቆሞ እናገኘዋለን ብለን አንድከም፤ በአማርኛችን ግሥ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧልና እዚያ እንፈልገው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። በአማርኛ «በት» ያለበት ግሥ ሁሉ በእንግሊዝኛ «አጌንስት»ን ይጠራል ማለት አይደለም። «ወንበሩ ተቀመጠበት» ስንል ቦታን ማመልከታችን ነው። «በእርሳሱ ጻፈበት» ስንልም መሣሪያን ማመልከታችን ነው። «ቤቱ ተቃጠለበት» ወይም «ላሙ ሞተችበት» ስንል ደግሞ በሰውየው ላይ ጉዳት መድረሱን እንገልጻለን እንጂ፣ ላሚቱ ባለቤቷን ለመቃወም አልሞተችም። እንግሊዝኛም በዚህ ጊዜ «አጌንስት»ን አይጠቀምም፤ «ላሙ ሞተች» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መስተዋድድ የሚገባው አንዱ ወገን ሥራውን፣ ቃሉን ወይም ኀይሉን ወደ ሌላው ወገን ፊት ለፊት ባዞረ ጊዜ ነው።

«ፊት ለፊት» ማለታችንም ከቃሉ ታሪክ ጋር የሚስማማ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዚህ ቃል ሥር ትርጕሙ «ወደ እርሱ አቅጣጫ»፣ «በፊት ለፊቱ» ማለት ነበር። ዛሬ «እንደ ገና» ማለት የሆነው «አጌን» የሚባለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ወንድሙ ነው። በጀርመንኛ «ጌገን» የሚባለውም ዘመዱ ነው። እኛም ከግእዝ የወረስነው «አንጻር» የሚለው ቃል «ነጸረ»፣ ማለት «ተመለከተ»፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ «ትይዩ»፣ «ፊት ለፊት» የሚል ትርጕም አለው። ፊት ለፊት የቆመ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ጠላት ግን ፊት ለፊት ይቆማል። የቃሉ ልዩ ልዩ ትርጕሞች የሚፈልቁት ከዚህ አንድ ሐሳብ ነው።

አሁን ብዙዎቻችንን ወደሚያሳስተው ነገር እንለፍ። በአማርኛ «ከእርሱ ጋር» የሚለው አነጋገር ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይሸከማል። «ከወንድሜ ጋር ሠራሁ» ስንል አብሮነትን እንገልጻለን። «ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ» ስንል ግን ተቃራኒነትን እንገልጻለን። ሰሚው የሚለየው ከግሡ ነው። ከግሡ ለመለየት በማይቻልበት ጊዜ ግን ከነገሩ ታሪክ ካልሆነ በቀር ሌላ መለያ የለም።

ለምሳሌ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ እናስታውስ። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ቡድን የግብፅን፣ በዚያን ጊዜ አጠራር የተባበረው የዐረብ ሪፑብሊክን ቡድን፣ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም አብሮት ተሰልፎ ነበር። እንግዲህ በአማርኛ «ሉቺያኖ ከኢታሎ ጋር ተጫወተ» እንላለን፤ እንደዚሁም «ሉቺያኖ ከግብፆች ጋር ተጫወተ» እንላለን። «ከ» እና «ጋር» በሁለቱም ስፍራ አንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ዊዝ» ሲሆን ሁለተኛው «አጌንስት» ነው። ተማሪው ለሁለቱም «ዊዝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ የኢትዮጵያው አለቃ ለግብፅ ቡድን ተሰልፎ የተጫወተ ሊመስለው ይችላል።

በጦርነት ታሪክ ጊዜ ስሕተቱ ከዚህ የከበደ ይሆናል። በ1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር በአንድ ወገን ሆነው ከፋሺስት ኢጣልያ ጦር ጋር ተዋግተዋል። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ «ዘ ፓትሪየትስ ፎት ዊዝ ዘ ብሪቲሽ» ብሎ ቢያቆም፣ ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት ትርጕም የተጋለጠ ነው። «ከእንግሊዞች ጐን ተሰልፈው ተዋጉ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «እንግሊዞችን ወጉ» ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ራሱ ከዚህ ጥርጣሬ አላመለጠምና። ምክንያቱም «ዊዝ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጕሙ «በመቃወም» ማለት ነበር፤ «አብሮ» የሚለውን ትርጕም እያጠነከረ የመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። የቀድሞው ትርጕም ዛሬም «ዊዝስታንድ»፣ ማለት «ተቋቋመ፣ ተቃውሞ ቆመ»፣ በሚለው ግሥ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ ሁለቱንም ወገኖች በየስፍራቸው ያቆማቸዋል፤ «ዘ ፓትሪየትስ ፎት ዊዝ ዘ ብሪቲሽ አጌንስት ዚ ኢታሊያንስ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ከተጻፈ ማን ከማን ጐን እንደ ቆመ፣ ጦሩም ወደ ማን እንደ ዞረ የሚጠራጠር አይኖርም።

ሁለተኛው ማሰናከያ «ላይ» የሚለው ቃላችን ነው። «በጎረቤቱ ላይ ክስ መሠረተ»፣ «በእግዚአብሔር ላይ ኀጢአት ሠራ»፣ «በንብረት ላይ የተፈጸመ ወንጀል» እያልን እንናገራለን። ይኸው «ላይ» ግን «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ለማለትም ያገለግላል። በዚህ ምክንያት ተማሪው በሁሉም ስፍራ የጠረጴዛውን «ኦን» ያስገባና ስሕተት ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝኛ ክስም፣ ኀጢአትም፣ ወንጀልም፣ ዐመፅም የሚሄዱት ከ«አጌንስት» ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕጋችን «በ» እና «ላይ» ተብለው የተጠሩት የወንጀል ዐይነቶች፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ «ክራይምስ አጌንስት» እየተባሉ ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለቱን ቅጂዎች እያስተያዩ ማንበብ ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ቀጥለን ስለ ሰዋስው ሥርዐቱ ጥቂት እንናገር። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላልና ሁሉንም በምሳሌ እናስረዳለን።

አንደኛ፤ «አጌንስት» መስተዋድድ ነው እንጂ ግሥ አይደለም። እኛ «ይህን አሳብ እቃወማለሁ» ስንል በአንድ ግሥ እንጨርሰዋለን። ተማሪውም ይህን ልማድ ይዞ «አይ አጌንስት ዚስ አይዲያ» ይላል። ይህ ግን ግሥ የሌለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ምሰሶ እንደሌለው ጎጆ ሊቆም አይችልም። «አይ አም አጌንስት ዚስ አይዲያ» መባል አለበት። ያለፈ ጊዜ ሲሆንም «አይ ዎዝ አጌንስት» ይባላል።

ሁለተኛ፤ መቃወምን በራሱ በያዘ ግሥ ላይ ይህን መስተዋድድ መጨመር አይገባም። «ኦፖዝ» የሚለው ግሥ «ተቃወመ» ማለት ነውና «ኦፖዝ አጌንስት» ማለት ተቃውሞን በተቃውሞ ላይ መደረብ ነው። «ሂ ኦፖዝድ ዘ ፕላን» ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ከመስተዋድዱ በኋላ ተውላጠ ስም ሲመጣ የተሳቢነት መልኩን ይይዛል። «አጌንስት ሚ»፣ «አጌንስት ሂም»፣ «አጌንስት ዜም» ይባላል እንጂ «አጌንስት አይ»፣ «አጌንስት ሂ»፣ «አጌንስት ዜይ» አይባልም።

አራተኛ፤ ከእርሱ በኋላ ግሥ ሲመጣ «ኢንግ» የሚለውን መጨረሻ ይዞ እንደ ስም ይሆናል። «ሐኪሙ እንዳያጨስ መከረው» ለማለት «ዘ ዶክተር አድቫይዝድ ሂም አጌንስት ስሞኪንግ» ይባላል። ልብ በሉ፤ በአማርኛ «እንዳያጨስ» ስንል አሉታውን የተሸከመው ግሡ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አሉታውን የተሸከመው መስተዋድዱ ብቻ ነው። አስተርጓሚው ይህችን ቃል ቢዘላት ሐኪሙ በሽተኛውን «አጭስ» ብሎ የመከረው ያህል ይሆናል።

በድምፅ አሰጣጥም ጊዜ «ፎር» እና «አጌንስት» ጐን ለጐን ይቆማሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የሰብአዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ ባጸደቀ ጊዜ 48 መንግሥታት ደገፉ፤ 8 ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ የተቃወመ ግን አንድም አልነበረም። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ 48 «ፎር»፣ «አጌንስት» ምንም እንላለን። የተቈጠበውን ከተቃወመው ጋር መደባለቅ ታሪክን ማዛባት ነው፤ ዝም ያለ ሁሉ «አጌንስት» አይደለምና።

አሁን ደግሞ ከሰው ወደ በሽታና ወደ አደጋ እንሸጋገር። እኛ «የወባ መድኃኒት»፣ «የእሳት ኢንሹራንስ»፣ «የፈንጣጣ ክትባት» እንላለን። በ«የ» አገናኝተን ስንናገር መድኃኒቱ የወባ ንብረት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝኛ ግን መከላከልን አጉልቶ ለማሳየት ሲፈልግ በሁሉም ላይ «አጌንስት»ን ያስገባል፤ መድኃኒቱ በወባ ላይ፣ ኢንሹራንሱ በእሳት ላይ፣ ክትባቱም በፈንጣጣ ላይ የቆመ ጋሻ ነውና።

በፈንጣጣ ረገድ ይህ ልዩነት የቃል ብቻ አልነበረም። ከብዙ ዘመን ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ከታመመ ሰው ቍስል የተወሰደ የፈንጣጣ መግል በጤነኛው ሰው ቈዳ ላይ ተበጥቶ ይደረግ ነበር። ይህ በእውነት «የፈንጣጣ» ክትባት ነበር፤ የሚገባው ነገር ራሱ ፈንጣጣ ነውና። ብዙዎችን ከከባድ ሕመም ያድን እንጂ አንዳንዱን ይገድል፣ በሽታውንም ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1796 ዓ.ም. ከላም የሚተላለፈውን ቀላል በሽታ ወስዶ በልጅ ክንድ ላይ ከተበ፤ ልጁም በኋላ ፈንጣጣ አልያዘውም። ይህኛው «አጌንስት» ፈንጣጣ የተደረገ ክትባት ነው። በአማርኛ ሁለቱም «የፈንጣጣ ክትባት» ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን የብዙ ሰው ሕይወት ነው። በሁለተኛው መንገድ ጥረቱ ቀጥሎ በ1972 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱን አስታወቀ።

ስለ መድኃኒት ከተናገርን ዘንድ ስለ «ፀረ» አንድ ቃል እንጨምር። «ፀረ ተባይ»፣ «ፀረ ወባ» እያልን እንጽፋለን። «ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ነው፤ «ፀረ ተባይ» ማለትም የተባይ ጠላት ማለት ነው። ይህ በስም ላይ ተጣብቆ አዲስ ስም የሚፈጥር ስለሆነ በእንግሊዝኛ የሚመሳሰለው «አንቲ» ከሚባለው ቅጥያ ጋር ነው እንጂ ከ«አጌንስት» ጋር አይደለም። «በርሱ ፀረ መሰከረ» የሚባል አማርኛ የለም።

ቃሉ ሕግንና ፈቃድን በሚመለከት ጊዜ ደግሞ አማርኛችን ሌላ መንገድ ይከተላል። «አጌንስት ዘ ሎው» ሲል «ከሕግ ውጭ» ወይም «ሕግን በመተላለፍ» እንላለን። «አጌንስት ሂዝ ዊል» ሲል «ያለ ፈቃዱ» እንላለን። «አጌንስት ዘ ከረንት» ሲል ስለ ዋናተኛው «ወራጁን ውሃ እየታገለ ሽቅብ ዋኘ» እንላለን። እነዚህን ሁሉ «በሕጉ ላይ»፣ «በፈቃዱ ላይ»፣ «በወራጁ ላይ» እያሉ መተርጐም፣ ቃሉን ጠብቆ አሳቡን መጣል ነው። በተለይም «በፈቃዱ ላይ ፈረመ» ተብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢው ሰውየው በወረቀት ላይ ፈቃዱን ሰጥቶ ፈረመ ብሎ ሊረዳው ይችላል። የተገደደው ሰው የተስማማ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

በመጨረሻም ጠብ የሌለበት «አጌንስት» አለ። «መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈው» ለማለት «ሂ ሊንድ ዘ ላደር አጌንስት ዘ ዎል» ይባላል። መሰላሉና ግድግዳው ጠላቶች አይደሉም፤ ክብደቱ ወደ ግድግዳው ስላጋደለና ግድግዳውም ስለተሸከመው ነው። «ኦን ዘ ዎል» ቢባል ግን መሰላሉ እንደ ሥዕል ተሰቅሏል ማለት ይሆናል። እንደዚሁም ሁለት ነገሮችን ለማስተያየት ይገባል። ለብዙ ዓመታት 1 የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. ምንዛሪው ወደ 5 ብር ከፍ እንዲል በተደረገ ጊዜ የብር ዋጋ «አጌንስት ዘ ዶላር» ዝቅ አለ ይባላል። አማርኛውም «ከዶላር አንጻር» ነው። ቀደም ብለን «አንጻር» እና «አጌንስት» በ«ፊት ለፊት» እንደሚገናኙ ተናግረን ነበር፤ እነሆ በገንዘብ ገበያ ላይ ተገናኙ።

እንግዲህ የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን መስተዋድድ ስታገኙ «በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፊት ለፊት የቆሙት ሁለቱ ወገኖች እነማን ናቸው? ኀይሉ የተነሣው ከማን ነው? የሚያርፈውስ በማን ላይ ነው? ይህን ካወቃችሁ አማርኛው ራሱ ይመጣላችኋል፤ አንድ ጊዜ «በት» ሆኖ፣ አንድ ጊዜ «ላይ» ሆኖ፣ አንድ ጊዜ «ጋር» ሆኖ፣ ሌላ ጊዜም «ያለ» ወይም «አንጻር» ሆኖ ይመጣል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትጽፉም ያንኑ ጠይቁ።

በመጀመሪያ ያነሣነው ተከሳሽ አሁንም አስተርጓሚውን እየተመለከተ መልስ ይጠብቃል። ቋንቋ የተማረ ሰው ለእርሱ ያለበት ዕዳ ረጅም ንግግር አይደለም፤ «መሰከረልህ» ወይም «መሰከረብህ» የምትል አንዲት እውነተኛ ቃል ናት። እርስዋን በትክክል የሰጠው እንደ ሆነ ሰውየው መልሱን ያዘጋጃል፤ ጠበቃውንም ያማክራል። በ«ለ» ፋንታ «በ»፣ በ«በ» ፋንታም «ለ» የሰጠው እንደ ሆነ ግን፣ ሳያውቅ እርሱ ራሱ መሰከረበት ማለት ነው።